የአያ ሞላ ስለት፤ ከድሬዳዋ ወገራ ደርሶ መልስ

የከዚራ ጎረቤቶቼ፣ ከተመለስኩ ጀምሮ ጥያቄያችሁ አንድ ብቻ ሆነ፤ «ግንቡን አየሽው?» አላየሁትም! ማለቴ፣ በባጃጅ ስናልፍ አናቱን አይቼዋለሁ፤ ሸጋ ነው። ጎንደር ድረስ ሄዳ ግንብ ሳትገባ የተመለሰች እብድ እያላችሁ በየበረንዳው እንደምትስቁብኝም ሰምቻለሁ። ሳቁ አቦ፣ መብታችሁ ነው። ግን እናንተ ከዚያ ከዛፉ ጥላ ሥር ተነስታችሁ ጎንደር እንደማትሄዱ ስለማውቅ፣ ያየሁትን ቁጭ ብዬ ልጽፍላችሁ ነው። ለግንብ አልሄድኩም። የሄድኩት ለአንዲት ልጅ ነው።

እንደምታውቁት መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሳስተምር ኖሬ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታው ገና ሳይለምደኝ ወለላ ደወለች። ወለላ የምልክት ቋንቋ ስንማር አንድ መኝታ ቤት የኖርን ጓደኛዬ ናት፤ አሁን ጎንደር ውስጥ እንደኛው ዓይነት ክፍል ታስተምራለች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ፣ «አንድ ተማሪ ቀረችብኝ» አለችኝ። «እናኑ ትባላለች፤ ከወገራ ናት። አምና እኔ ቤት ተቀምጣ ስትማር ከረመች። ክረምት ላይ አገሯ ሄደች፣ መስከረም ላይ አልተመለሰችም። ሄጄ አባቷን ለመንኩ፤ እህል ውሃ አቅርበው በክብር ‹አይሆንም› አሉኝ። ምላስ ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ነይና እርጂኝ።»

ነገሩ የማይገባው ሰው ካለ ላስረዳ። ልጅ ቋንቋ የሚይዝበት ዕድሜ አለው። የምትሰማ ልጅ ከትምህርት ብትቀር ቢያንስ ከእናቷ አፍ፣ ከገበያው፣ ከጎረቤቱ ትሰማለች። እናኑ ግን ወገራ ከቀረች የምታወራው ሰው የለም። እዚያ አገር በእጅ የሚያወራ የለማ! ወለላ «ዘንድሮ ካልተመለሰች አትመለስም» ስትለኝ ሻንጣዬን አወጣሁ።

ሐሙስ

ከድሬ ስነሳ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ታቃጥል ነበር። ስለዚህ እንደ ልማዴ ስስ ቀሚስና ክፍት ጫማ አደረግሁ። ሹራቡን፣ ካፖርቱን፣ ለወለላ የያዝኩትን ሐልዋ ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቄ አስረከብኩ። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀየርኩ። ሻንጣዬ ግን አልቀየረም። ጎንደር፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ ሰው ሁሉ ዕቃውን አንስቶ ሲሄድ እኔ ብቻ ባዶውን እያየሁ ቀረሁ።

አንዲት ሠራተኛ መጥታ፣ «አይዞዎት እመይቴ፣ ይመጣልዎታል፤ እስከዚያው ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለችኝ። እመይቴ! ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመ ትልቅ ሰው ካለ አየሁ። እኛ ዘንድ አያቱን «አንቺ» የሚል ሕዝብ መሆናችንን ታውቃላችሁ። ጎንደር ግን ከባጃጅ ሹፌሩ እስከ ዳቦ ሻጯ እርስዎ፣ እርስዎ ሲሉኝ እኔም ቀስ እያልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ጀመርኩ።

ወለላ ውጭ ትጠብቀኝ ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ወዲያው ደግሞ ልብሴን አይታ ሳቀች። «ሰብልዬ፣ በዚህ ቀሚስ ወገራ ልትወጪ ነው?» ቤቷ ቁስቋም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ዳገት ላይ። ባጃጇ እያቃሰተች አወጣችን። ማታ ሽሮና ስልጆ አቀረበችልኝ፤ የጽጌ ጾም ላይ ስለነበሩ ሥጋ የለም። ሹራቧንም አለበሰችኝ። ወለላ ትንሽዬ ሴት ናት፣ እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። ድሬ በዚያ ሰዓት ቆርቆሮው ገና ሙቀቱን እየተፋ፣ እናንተ አንሶላ ገፍታችሁ ትተኛላችሁ። እኔ እዚያ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

አርብ

ወለላ ክፍሏን ልታሳየኝ ይዛኝ ሄደች። ትምህርት ቤቱ ትልቅ ነው፤ የእኛ ልጆች ክፍል ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ቤት ናት፤ መስኮቶቿ ግን ሰፋፊ ናቸው። በዚያ ቀናሁ። የእኔን ክፍል አስታውሱ፤ ጨለማ ስለነበር ደመና በመጣ ቁጥር ልጆቹን በረንዳ አወጣ ነበር። እጅ ካልታየ ትምህርት የለማ።

ልጆቹ ስገባ ከበቡኝ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የምልክት ስሜን ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው ሁሉ በእጅ የሚጠራበት ስም ይወጣለታል፤ ከመልኩ ወይም ከልማዱ። የድሬ ልጆች ያወጡልኝ ፊቴን በእጄ ሳራግብ ነው። ያንን ሳሳያቸው ተያይተው፣ ከዚያ እኔን አይተው፣ በሳቅ ፈነዱ። ወዲያው ተመካክረው አዲስ ስም አወጡልኝ፤ ሁለት እጅ ደረት ላይ አጣጥፎ መንቀጥቀጥ። ጎንደር ውስጥ ስሜ «ብርድ ያንቀጠቀጣት» ሆነ ማለት ነው። ይቀመጡና ይሳቁብኝ።

መስኮቱ ሥር አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ልቀመጥ ስል አንዲት ልጅ እጄን ይዛ ከለከለችኝ። ጣቷን አገጯ ላይ ነካ አድርጋ እንደ ስርጉድ አዞረች። ወለላ «የእናኑ ስም ነው» አለችኝ፤ «አገጯ ላይ ስርጉድ አላት። ከመስከረም ጀምሮ ማንንም አያስቀምጡበትም።» ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ በእጇ ጠየቀችኝ፤ ታመጪያታለሽ? አመጣታለሁ አልኩ። አይ እኔ! ቃል መስጠት ሲቸኩልብኝ።

ቅዳሜ

መናኸሪያው ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» የሚለው ነው። ክፍት ነው ተባለና ሚኒባስ ውስጥ ተጠቃቀጥን። ሻንጣዬ አሁንም አልመጣም። ያንኑ ክፍት ጫማ አድርጌ፣ እጅጌው ክርኔ ላይ የቀረውን የወለላን ሹራብ ለብሼ ተቀመጥኩ። ከከተማው ወጥተን ሽቅብ በተጠማዘዝን ቁጥር ነፋሱ በበሩ ስንጥቅ እየገባ እግሬን ይልጠኛል።

ከጎኔ የተቀመጠች ሴት እግሬን ስታይ ቆየች። «ምነው እመይቴ፣ በባዶ እግር?» «ሻንጣዬ ጠፍቶ ነው» አልኳት። ዘንቢሏን ከፍታ አዲስ የወንድ ካልሲ አወጣች፣ ጎንበስ ብላም ራሷ አጠለቀችልኝ። እምቢ ብል «በሞቴ!» አለች። «ለባሌ ነበር፤ እርሱ ጫማው ድፍን ነው፣ ይቆየዋል።» ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት መንገድ ላይ ወረደች። ካልሲው አሁንም አለኝ፤ ድሬ ላይ የት እንደማደርገው እንጃ።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ነፋስ፣ ፈረስ፣ የገብስ ጆንያ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተቀበለን። ከሰው መሐል አንድ ረዥም፣ ከሲታ ሰው ወደ እኛ መጡ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለቱን ክንዳቸውን በላዩ ጥለው፣ መዳፋቸው ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል። ከኋላቸው በቅሎ ይስባሉ፤ እጃቸው ሁለቱም ዱላው ላይ ስለሆነ ገመዷ አንዱ ጣታቸው ላይ ነበር የተጠመጠመው። ወለላ በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ «አባቷ ናቸው፤ አያ ሞላ። እንደምንመጣ ልኬባቸው ነበር።» ልጃቸውን እንዳንወስድ የከለከሉን ሰው ለእኛ በቅሎ ይዘው መምጣታቸው ገርሞኝ ቆምኩ። እርሳቸው ግን፣ «እንግዳ በእግሩ አይመጣብኝም» አሉና ዱላውን ከትከሻቸው አውርደው ርካቡን ያዙልኝ።

በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ወጣሁ። በቅሎዋ ቁልቁል ስትጀምር ኮርቻው ከእኔ ጋር ወደ ጎን ዞረ፤ ቀስ ብዬ፣ በክብር፣ የገብስ ነዶ ላይ ተንከባለልኩ። ወለላ መንገድ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። አያ ሞላ ግን «አፈር ስሆን፣ ተጎዱ?» እያሉ አነሱኝ፤ ኋላ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ሲቆሙ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

ቤት ስንደርስ ጥሩ የምትባለው ሚስታቸው ሙቅ ውሃ ይዛ ወጣች። እግሬን ልታጥብ ስትቀመጥ ልከለክላት ሞከርኩ፤ ማን ሰምቶኝ! «እርስዎ» ስላት ደግሞ «አንቺ በይኝ እንጂ፣ ምነው ታስረጅኛለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ወዲያው ወደድኳት። እናኑ ከጓሮ ብቅ ያለችው በዚህ መሐል ነው። ሰማያዊውን የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳለች፤ ክርኑ ተቀዷል። ወለላን ስታይ የያዘችውን እንጨት ጥላ እየሮጠች መጣችና ተጠመጠመችባት። ቀጥላ እጇ መናገር ጀመረ፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ወንበሬ አለ ወይ? ወለላ ወንበርሽ አለ ስትላት ወደ አባቷ አየችና እጇን ሹራቧ ውስጥ ደበቀች። 

ማታ እንጀራው፣ የባቄላው ወጥ፣ ኮረፌው ቀረበ። ኮረፌ የገብስ መጠጥ ነው፤ ወፍራም፣ ጠጥታችሁት በልታችሁ የጠገባችሁ የሚመስላችሁ። ሦስት ጊዜ ተጎርሼ አራተኛውን ስከላከል ነገሬን ጀመርኩ።

«አያ ሞላ፣ አንተ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ወለላ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «እርስዎ እኮ ልጅዎን የሚወዱ ሰው ነዎት። ታዲያ ምነው ትምህርቷን ከለከሏት?»

ሰውዬው ጽዋቸውን አስቀመጡ። «መምህርት፣ ከሩቅ አገር መጥተው አክብረውኛል፤ እውነቱን ልንገርዎት። ልጂቱ ጆሮዋ እንደማይሰማ ያወቅን ጊዜ አዝዬ ቁስቋም ወሰድኋት። እመቤቴን፣ ‹አንዲት ቀን ትጥራኝ፤ ከጠራችኝ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ሸጋ ጥላ አስገባልሻለሁ› ብዬ ተሳልሁ። ይኸው እስካሁን እጠብቃለሁ። አምና ወለላ ‹ትማራለች› ስትለኝ መናገር ትማራለች ብዬ ላክኋት። ክረምት ስትመጣ የተፈታው እጇ ነው እንጂ አፏ አይደለም። አሁን እጇ ይበቃታል ብዬ ብተዋት፣ እመቤቴ ምን ትለኛለች? ‹ሞላ እኔን መጠበቁ ሰለቸውና በሌላ በር ገባ› አትልም?»

 እኔኮ ለሥራ ፈልጌያት ነው፣ ልድራት ነው ቢሉኝ የምመልሰው ነበረኝ። ስለትን ግን ምን ልበለው? ቁልቢ ሥር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ስለት ተሸክሞ በእግሩ በደጃችን ሲያልፍ ውሃ ስሰጥ ነው ያደግሁት። የተሳለ ሰው ምን ያህል እንደሚፈራ አውቃለሁ። ምላስ አለሽ ተብዬ የተጠራሁት ሴትዮ አፌን ዘግቼ ኮረፌዬን ጠጣሁ። እናኑ ከእሳቱ ማዶ ሆና አንዴ እኔን አንዴ አባቷን ታያለች። ስለ እርሷ እንደምናወራ ገብቷታል።

እሑድ

ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ጋቢ የለበስኩት የአያ ሞላን ነው፤ አንስተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፣ እርሳቸው በኮት ወጡ። ቤተ ክርስቲያን ስመን ተመለስንና ፀሐይ ለመሞቅ ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን፤ ወለላ፣ ጥሩ፣ እናኑና እኔ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከመመለሳችን በፊት ቢያንስ ከልጅቷ ጋር ልጫወት ብዬ፣ አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግሁ፤ በቤትሽ ያሉትን ሁሉ ስም ንገሪኝ አልኳት። ከትምህርት ቤት የተማረችውን ሳይሆን የራሷን።

እናኑ ደስ አላት። እጇን ከግንባሯ ወደ ኋላ ሹሩባ እንደሚጎነጎን ወሰደች፤ እናቴ። መስቀል ስማ ግንባሯን ነካች፤ ቄሱ። ሁለት ጣቷን እንደ ጆሮ አቁማ፣ ከዚያ እጇን በአየር ላይ አንከባላ መሬት ላይ ጣለችው። እኔና በቅሎዋ ነን፤ ወለላ ማታ አሳይታት ኖሯል። አንቺ ባለጌ! አልኳት፤ ተንከትክታ ሳቀች።

በዚህ መሐል አያ ሞላ ወደ ሰንበቴ ሊሄዱ ከቤት ወጡ። እንደ ልማዳቸው ዱላውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ክንዳቸውን ጥለውበት በአጠገባችን አለፉ። እናኑ ቀልጠፍ ብላ ተነሳች። ሁለት እጇን ትከሻዋ አጠገብ አንስታ፣ መዳፎቿን ግራና ቀኝ አንጠለጠለችና፣ ሁለቴ ወደ ላይ ወዘወዘቻቸው፤ ለአባቷ ጀርባ። አባትየው መንገዳቸውን ሄዱ። ጥሩ ደንግጣ የልጅቷን እጅ መታ አደረገች።

«ምነው መታሻት?» አልኩ።

«አባቷን ስታሾፍበት እያየሽ! ይኸውልሽ፣ አረማመዱን ትቀዳለች። አባትን መቅዳት ነውር አይደለም? እርሱ ቢያያት ያዝናል ብዬ ስከላከል ይኸው አድጋለች።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኧረ ከጥንት! ጡት ሳትጥል። ሲወጣ እንዲህ ትላለች፣ ሲመሽ ሲቆይባት በሩ ላይ ቆማ እንዲህ ትላለች፤ አንድ ቀን ንዳድ ይዟት ተኝታ እንኳ እንዲህ ስትል ነበር።»

ወለላና እኔ ተያየን። ሁለታችንም ዕድሜያችንን ሙሉ ይህን ሥራ የሠራን ሴቶች ነን። ወለላ የለበስኩትን ጋቢ ጫፍ ይዛ እናኑን ጠየቀቻት፤ የማን ነው? እናኑ እናቷን በፍርሃት አየችና ቶሎ አድርጋ ሁለት እጇን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። በቅሎዋስ የማን ናት? ያንኑ። ማን ነው ወደ ሰንበቴ የሄደው? ያንኑ።

«ጥሩ» አልኳት፣ እጇን ይዤ። «ስታሾፍ አይደለም። አባቷን እየጠራችው ነው። ስሙ ነው ይሄ፤ ራሷ ያወጣችለት። ማንም ሳያስተምራት፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ እየጠራችው ነው የኖረችው።»

ጥሩ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።  ኋላ ልጇን ጎትታ የመታችውን እጅ መላልሳ ሳመችው።

አያ ሞላ ሲመለሱ አራታችንም ደጅ ቆመን አገኙን። «ምነው? ሰው ሞተ?» አሉ። ወለላ ለእናኑ፣ አባትሽን ጥሪው አለቻት። እናኑ መጀመሪያ እናቷን አየች፤ ጥሩ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። ልጅቷ ሁለት እጇን አነሳች። ጥሩ እያለቀሰች ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

ሰውዬው ዱላው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። የልጃቸውን እጆች አዩ፣ የራሳቸውን የተንጠለጠሉ እጆች አዩ። «ከመቼ ጀምሮ አልሽኝ?» «ጡት ሳትጥል።» እኔ ያን ጊዜ እንባ ጠበቅሁ፣ ደስታ ጠበቅሁ። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ፤ ዱላው ከትከሻቸው ወደቀ።

«ወይኔ ሞላ! ጠርታኝ! ጥላውን ሳላስገባ ይህን ሁሉ ዘመን!»

አያችሁ ጉዱን! ሰውዬው እመቤታችን ጆሮ ነሳችኝ ብለው ሲጠብቁ ኖረው፣ ለካ የዘገዩት እርሳቸው ናቸው! እናኑን አንጠልጥለው ወደ ነፍስ አባታቸው ቤት ሽቅብ ሮጡ። እኛም ከኋላ፤ እኔ በወንድ ካልሲና በክፍት ጫማ። ቄሱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነገሩን ሁሉ በጸጥታ ሰሙ። ልጅቷንም «እስቲ ጥሪው» አሏት በእጃቸው አመልክተው፤ ጠራች።

«ሞላ፣ ስትሳል ‹በአፏ› ብለሃል?» አሉ።

«የለም አባቴ፤ ‹ትጥራኝ› ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ተጠርተሃል ወይስ አልተጠራህም?»

አያ ሞላ አቀረቀሩ። «ተጠርቻለሁ አባቴ። ዞሬ አላየሁም እንጂ።»

«እንግዲያ ማክሰኞ ቁስቋም ናት፤ ስለትህን አድርስ። ልጂቱንም ወደ ተማረችበት መልስ። እመቤታችን የሰጠችህን አንተ አታቋርጥ።»

እዚያው ደጅ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አልክድም። ቄሱ ብርድ መስሏቸው እሳት አስነሱልኝ።

ሰኞ

ጥሩ ቤቱንና ከብቱን ልትጠብቅ ቀረች፤ ለልጇ ዳቦ ቆሎና የተቆላ ሽምብራ ቋጠረችላት፣ ለእኔ ደግሞ ጋቢውን «ለብሰሽው ሂጂ» አለችኝ። በሚኒባሱ አያ ሞላ እናኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የሆነ ነገር ሲያሰላስሉ ቆዩ። ኋላ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጀርባዬን ሰጥቼ ስሄድ ብትጠራኝ በምን አውቃለሁ?»

«ዞር ማለት ነው አያ ሞላ። ሌላ መላ የለውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጎንደር ደርሰን አራዳ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባን። አባት ሰማያዊ ጥላ ያዙ፤ ልጅ ቀይ ያዘች። አባት ሰማያዊው የእመቤታችን ነው አሉ፤ ልጅ ቀዩን አለቅም አለች። ባለ ሱቁ ግራ ገብቶት «ምን እያለች ነው?» አለ። ወለላ «አባቴን የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ጥላውንም እኔ ልምረጥ፣ እያለች ነው» አለችው። ዋሸች፤ ልጅቷ «ይሄ ያምራል» ብቻ ነው ያለችው። ቀዩ ተገዛ። ሻንጣዬም ያን ቀን መጣልኝ፤ ሐልዋውን ከፍተን በላን፣ ካፖርቴን ግን አልለበስኩትም። ጋቢው ይበልጥብኛል።

ማክሰኞ

ቁስቋም ሲነግሥ የወለላ ሰፈር ከሥር እስከ ላይ ነጭ ሆነ። ቁልቢን የለመደ ዓይን በሰው ብዛት አይደነግጥም ብዬ ነበር፤ ደነገጥኩ። ስለት የያዙ ሰዎች ተሰለፉ። አንድ ዲያቆን ድምፅ ማጉያ ይዞ እያንዳንዱን ምን ተስሎ ምን እንደተደረገለት ይጠይቃል፤ ሕዝቡ እልል ይላል።

አያ ሞላ ደረሱ። ቀዩ ጥላ በእጃቸው፣ እናኑ በጎናቸው። «ልጄ ትጥራኝ ብዬ ነበር የተሳልሁ። ጠርታኛለች» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እልልታው ደብሩን ሞላው። ዲያቆኑ በቅንነት ጎንበስ ብሎ ድምፅ ማጉያውን እናኑ አፍ ላይ አደረገላት። «እስቲ ጥሪው፣ ሕዝቡ ይስማ።»

 ሕዝቡ ጸጥ አለ። እናኑ የተደቀነባትን ጥቁር ነገር አየች፣ ዲያቆኑን አየች፣ እኛን በዓይኗ ፈለገች። ልሄድላት ስል ወለላ ክንዴን ያዘችኝ። አያ ሞላ ጥላውን ለዲያቆኑ አስረከቡ። ከልጃቸው ጥቂት ራቅ ብለው ፊት ለፊቷ ቆሙ፤ ዓይኗን እያዩ ጠበቁ። ልጅቷ ሁለት እጇን ትከሻዋ ላይ አንስታ መዳፎቿን አንጠለጠለች፣ ሁለቴ ወዘወዘቻቸው።

«አቤት!» አሉ አያ ሞላ፣ ጮክ ብለው። «አቤት፣ ልጄ!»

ሕዝቡ የሆነው ነገር ሁሉ አልገባውም፤ አባት ግን ተጠርቶ አቤት ሲል ሰምቷል፣ ለእልልታ ያ ይበቃዋል። ከአጥሩ አጠገብ የወለላ ተማሪዎች ተሰብስበው ነበር። እነርሱ እልል አይሉም፤ ሁሉም እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ጣቶቻቸውን አርገበገቡ፤ የእኛ ልጆች ጭብጨባ ነው። ያቺ ወንበሩን ስትጠብቅ የነበረችው ልጅ ከሁሉ በላይ ትዘላለች።

ከሰዓት በኋላ እናኑን ወለላ ቤት አስገባናት። አያ ሞላ ደጅ ላይ ቆመው ብዙ መረቁን። ጋቢውን አውልቄ ስሰጣቸው «ምን በወጣኝ! ድሬዳዋ ብርድ አይገባም ያለዎት ማነው?» አሉኝ፤ ሙግቱን ተውኩት። የልጃቸውን ግንባር ሳሙ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ።

እናኑ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን አነሳች። ጀርባ ነው የምትጠራው፤ እኔ ልጮህላት አፌን ከፈትኩ። ሳልጮህ ሰውዬው ዞሩ። «አቤት!» ብለው ሄዱ። ጥቂት ተራምደው ደግሞ ዞሩ፤ ደግሞ ጠራቻቸው፤ «አቤት!» አሉ። መንገደኛው ቆሞ ያያቸዋል፤ የሚጠራቸው ሰው ድምፅ አይሰማማ። እርሳቸው ግን ግድ ሳይሰጣቸው እስከ መታጠፊያው ድረስ እየዞሩ፣ እየዞሩ ሄዱ።